የወንዝ ፍሰት በካርታ ላይ ለተማሪዎች፦ የአባይ ቁጥር ከየት ነው የሚመጣው?

መምህር ዘደጀን · እሑድ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። ደጀን አካባቢ 11ኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ቀጥሎ የምንገባው ወደ ወንዞችና ተፋሰሶች ነው። ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ካርታ አባይን በአንዲት ሰማያዊ መስመር ያሳያል። መስመሯ ከጣና እስከ ድንበር ውፍረቷ አይለወጥም። በጋ የለ፣ ክረምት የለ።

ልጆቹ ግን አባይ በረሃን ወርደው ወንዙን ያዩታል። ሚያዝያ ላይ ድንጋዩ ተገልጦ፣ ነሐሴ ላይ ቡናማ ሆኖ እያጓራ ያውቁታል። የጎደላቸው ቁጥሩ ነው። ካርታ ላይ አንድ ቦታ ሲነኩ «ዛሬ በሰከንድ ይህን ያህል ሜትር ኩብ» የሚልና ግራፍ የሚያወጣ ነገር አለ? ነጻ ቢሆን ደስ ይለኛል። ያለን አንድ ፕሮጀክተር፣ የኔ ላፕቶፕና የስልኬ ኢንተርኔት ነው። መብራቱን እንደምታውቁት ነው።

ኮደር ማታ ማታ · እሑድ ማታ

መምህር እንኳን ደህና መጡ። አለ፣ ያውም ብዙ።

ለእርስዎ የሚቀለው ኦፕን ሜቴዮ ነው። የአየር ሁኔታ ድረ ገጽ ነው፤ ውስጡ የጎርፍ ክፍል አለው። ኬክሮስና ኬንትሮስ ያስገባሉ፣ የየቀኑን የወንዝ ፍሰት በግራፍ ያወጣልዎታል። ምዝገባ የለው፣ ክፍያ የለው። ወደ ኋላ እስከ 1984 (በፈረንጅ) ይሄዳል። በኤክሴልም ይወርዳል። ለአባይ ድልድይ 10.07 ሰሜን፣ 38.19 ምሥራቅ ብለው ይሞክሩ።

ካርታውን ራሱን እየነካካሁ ላሳያቸው ካሉ ግሎፋስ አለ። የአውሮፓ ኅብረት የኮፐርኒከስ ፕሮግራም የጎርፍ መከታተያ ነው። ኦፕን ሜቴዮም ቁጥሩን የሚወስደው ከእሱ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቢመሳሰሉ አይገረሙ። ግሎፋስ ግን ኔት ይበላል፣ በስልክ ኢንተርኔት ትዕግሥት ይጠይቃል። የጎግል ፍለድ ሀብም አለ። እሱ ስልክ ላይ ቀለል ይላል፤ የጎርፍ ስጋትን በቀለም ያሳያል፣ እስከ 7 ቀን ወደፊት ይተነብያል።

12ኛ ክፍል ነኝ · እሑድ ማታ

ኮደር የሰጠኸውን አሁኑኑ ሞከርኩት። ድልድዩ ጋ ሸጋ ነው። ግራፉ ክረምት ላይ ተራራ ሠርቶ ይወርዳል። ከዚያ ግልገል አባይን ላየው ብዬ ከጎግል ካርታ ላይ ነጥብ ወሰድኩ። የመጣው ቁጥር የሰፈራችን ጅረት ነው የሚመስለው። ነጥቡን ትንሽ ፈቀቅ ሳደርገው ደግሞ ብዙ እጥፍ ሆነ። የቱን ልመን?

የውሃ ነገር · ሰኞ ጠዋት

የጠየቅከው ነገር ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ሳያየው ያልፋል። የውሃ ኢንጂነር ነኝ፣ ከዚህ ዳታ ጋር ነው የምውለው። ላብራራው።

ግሎፋስ ዓለምን የሚያየው በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ነው። አንዱ ማዕዘን ጎኑ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንተ የሰጠኸው ነጥብ ወንዙ ካለበት ማዕዘን ወጥቶ ጎረቤቱ ላይ ካረፈ፣ የሚመጣልህ የጎረቤቱ ጅረት ነው። ድረ ገጹ ራሱ ይህን ያስጠነቅቃል። መፍትሔው ነጥቡን በ0.05 ወይም በ0.1 ዲግሪ ወዲያ ወዲህ እያደረግክ ትልቁን ቁጥር መፈለግ ነው። ትልቁ ቁጥር ያለበት ብዙውን ጊዜ ዋናው ወንዝ ነው።

አሁን ዋናውን ልበል። መምህር፣ ይህን ሳይነግሯቸው ካርታውን አይክፈቱት። ያ ቁጥር የተለካ አይደለም፣ የተሰላ ነው። ድልድዩ ጋ ማንም ቆሞ ወንዙን ለክቶ ወደ ድረ ገጹ አልላከም። ኮምፒውተሩ የዘነበውን ዝናብ፣ ሙቀቱን፣ የአፈሩን ዓይነትና የመሬቱን ተዳፋት ይወስዳል። ከዝናቡ ስንቱ እንደተነነ፣ ስንቱ መሬት ውስጥ እንደሰረገ፣ ስንቱ እንደፈሰሰ ያሰላል። የፈሰሰውን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እያወረደ ወንዝ ያደርገዋል። አዝመራን ማሳው ዳር ቆሞ እንደመገመት ነው፤ ልምድ ያለው ገማች ብዙም አይስትም፣ ግን ገና አልተወቃም፣ አልተሰፈረም።

ሁሉን አውቃለሁ · ሰኞ ጠዋት

እንግዲህ ጉድ በሉ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። የራሳችንን ወንዝ ቁጥር አውሮፓ ላይ ያለ ኮምፒውተር ገምቶ ይነግረናል። እኛ ደግሞ ግምቱን ለልጆች እናስተምራለን! እህት፣ የተለካ ከሌለ ዝም ማለት አይሻልም?

የውሃ ነገር · ሰኞ ጠዋት

ወንድም ሁሉን አውቃለሁ፣ የተለካ የለም አላልኩም። አገራችን መለኪያ ጣቢያዎች አሏት። የሚያስተዳድራቸው የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ነው። ንባቡ ግን እንደ ኦፕን ሜቴዮ ካርታ ላይ ተነክቶ የሚከፈት አይደለም። ጀርመን ኮብሌንዝ ያለው የዓለም የወንዝ ፍሰት ዳታ ማዕከልም የበርካታ አገሮችን መዝገብ ይዟል። ካርታው ላይ ኢትዮጵያን ብትመለከት ነጥቦቹ ጥቂት ናቸው፣ አብዛኛውም የቆየ ነው።

ግምት ስለሆነ ደግሞ አይጣልም። ይፈተናል። መምህር፣ ይህን ክፍል ውስጥ ማሠራት ይችላሉ። አባይ የሱዳንን ድንበር ሲሻገር የብዙ ዓመት አማካዩ በዓመት 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ እንደሆነ በሰፊው የታወቀ ነው። ይህ ድንበሩ ላይ ኤል ዲየም ከሚባለው ጣቢያ ከተለካው የመጣ ነው። ዓመት 31.5 ሚሊዮን ሰከንድ ገደማ አለው። 49 ቢሊዮኑን ያካፍሉት። በሰከንድ 1,550 ሜትር ኩብ አካባቢ ይመጣል። አሁን ልጆቹ ድንበሩ አጠገብ ያለውን ነጥብ ከኦፕን ሜቴዮ ያውርዱ። 11.2 ሰሜን፣ 35.1 ምሥራቅ አካባቢ ይፈልጉ። የብዙ ዓመቱን አማካይ ያስሉ። ከ1,550 ምን ያህል ራቀ? የሞዴሉን ጥንካሬ በገዛ እጃቸው አወቁት ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ። 2012 ዓ.ም. ክረምት ላይ የሕዳሴ ግድብ ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ያሉትን ዓመታት ከአማካዩ ቢያወጧቸው ይሻላል። ከግድቡ በታች የሚወርደው ውሃ ከዚያ በኋላ የዝናቡ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ተርባይን ስንት እንደሚሠራ፣ በር መቼ እንደሚከፈት የሚወስነው ሰው ነው። የሰው ውሳኔ ደግሞ ሞዴሉ ውስጥ የለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ · ሰኞ ማታ

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ልጄ እዚህ ሚድል ስኩል እያለች የሰጧትን የቤት ሥራ አስታወሳችሁኝ። አሜሪካ ውስጥ ዩኤስጂኤስ የሚባለው የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ነው ወንዝ የሚለካው። የመጀመሪያ ጣቢያውን በ1889 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሪዮ ግራንዴ ላይ ተከለ። ዛሬ በቀጥታ የሚያስተላልፉ ከ8 ሺህ በላይ ጣቢያዎች አሉት። ሁሉም ካርታ ላይ ነጥብ ናቸው። ይነካሉ፣ ይከፈታሉ፣ ብር አይጠይቁም። ከኢትዮጵያም ይከፈታል።

እኛ አጠገብ ፖቶማክ ላይ ሊትል ፎልስ የሚባል ጣቢያ አለ። ከ1930 ጀምሮ መዝገብ አለው። አዲስ ንባብ በየ15 ደቂቃው ነው። ነጥቦቹ ቀለም አላቸው። ደስ የሚለው ቀለሙ ወንዙ ትልቅ ነው ትንሽ ነው አይልም። የዛሬውን ፍሰት ባለፉት ዓመታት በዚሁ ቀን ከነበረው ጋር ነው የሚያወዳድረው። አረንጓዴ ከሆነ ለወቅቱ የተለመደ ነው። ወደ ሰማያዊና ጥቁር ከሄደ ከወትሮው በላይ፣ ወደ ቡኒና ቀይ ከሄደ ከወትሮው በታች።

መለኪያቸው ግን ኪዩቢክ ፊት ነው፣ እንግዲህ አሜሪካ ነው። ለ35.3 ያካፍሉት፣ ሜትር ኩብ ይሆናል። የፖቶማክ አማካይ በሰከንድ 11 ሺህ ኪዩቢክ ፊት ገደማ ነው። ወደ 310 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው። እንደ አባይ አይደለም፣ የአባይ አንድ አምስተኛ ነው። ግን በመጋቢት 1936 ጎርፍ ጊዜ 484 ሺህ ኪዩቢክ ፊት ደርሷል። ልጆቹ ያካፍሉትና ይደነቁ።

ሌላም አለ። ፖቶማክ የሚሞላው በኛ መጋቢትና ሚያዝያ ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ይጎድላል። ከአባይ ጋር ግራፎቹን ጎን ለጎን ብታደርጓቸው ቅርጻቸው ተገላቢጦሽ ነው።

12ኛ ክፍል ነኝ · ሰኞ ማታ

የዩኤስጂኤስን ካርታ ከፈትኩት። ኧረ ይሄ ሌላ ነገር ነው! አንዱን ጣቢያ ስነካው የመጨረሻው ንባብ ከግማሽ ሰዓት በፊት የገባ ነው። ጋሼ፣ የውሃ ዓመት የሚሉት ምንድን ነው? ኦክቶበር 1 ይጀምራል ይላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ · ሰኞ ማታ

አዎ፣ ከኦክቶበር 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 እንደ አንድ ዓመት ይቆጥሩታል። በጃንዋሪ ከጀመሩ የዚህ አገር ብርድ ወቅት በረዶ ሁለት ዓመት ላይ ይከፈላልና። የኛ አቆጣጠር በመስከረም መጀመሩ ለወንዝ ሥራ እንዴት እንደሚመች አስበው። ክረምቱ ሳይቆረጥ አንድ ዓመት ውስጥ ይገባል።

የውሃ ነገር · ሰኞ ማታ

ጋሼ ያመጡት በጣም ይጠቅማል። አንድ ነገር ልጨምር። የዩኤስጂኤሱም ፍሰት በቀጥታ የተለካ አይደለም። ጣቢያው በየ15 ደቂቃው የሚለካው የውሃውን ከፍታ ነው። ባለሙያዎች በዓመት ደጋግመው ይሄዱና የወንዙን ስፋት፣ ጥልቀትና ፍጥነት በመሣሪያ ይለካሉ። «ከፍታው ይህን ያህል ሲሆን ፍሰቱ ይህን ያህል ነው» የሚል ግራፍ ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ ከፍታው በዚያ ግራፍ እየተመነዘረ ፍሰት ይሆናል። ለዚህ ነው የቅርቡ ዳታ ላይ «ጊዜያዊ» የሚል ማስታወቂያ የሚያዩት። ተገምግሞ ሊስተካከል ይችላል።

ስለዚህ የአሜሪካው እውነት፣ የኛው ውሸት ብሎ ነገር የለም። አንደኛው ወንዙ ውስጥ ከተተከለ መለኪያ ይነሳል። ሌላው ከዝናብ ይነሳል። ከወንዙ የሚርቁበት መጠን ይለያያል እንጂ ሁለቱም ስሌት አላቸው።

ወረታ ነኝ · ማክሰኞ ጠዋት

ጤና ይስጥልኝ ልጆች። ስልኩ የልጄ ነው፣ እኔ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይጽፋል። እኔ ፎገራ ውስጥ ድልድይ አጠገብ የወንዝ ንባብ ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ከፍታው ስታወሩ አንድ ሁለት ነገር ልበል አልኩ።

ወንዙ ዳር ቁጥር የተጻፈበት ብረት ተተክሏል። ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ወርዶ ማንበብ ነው። ክረምት ላይ ውሃው አይቆምም፣ ይዋዥቃል። ማዕበሉ ከፍ ያለበትንና ዝቅ ያለበትን አይተህ መካከሉን ነው የምትይዘው። ብረቱ ጭቃ ይለብሳል፤ በእንጨት ካልፋቅከው ቁጥሩ አይታይም። መዝገቡ በእርሳስ ነው የሚጻፈው። እስክርቢቶ ዝናብ ሲነካው ይሄዳል።

እናንተ ከተማ ያላችሁ የማታውቁት ግን ይህ ነው። ጎርፍ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። ማታ ሳነበው ደህና ነው፣ ጠዋት ሳነበው ጎድሏል። መሐል ላይ እስከ የት እንደወጣ የሚያሳየው ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ገለባ ብቻ ነው። ደግሞም ርብና ጉማራ ሲሞሉ ከዳራቸው ወጥተው ሜዳውን ያለብሱታል። ሜዳ ላይ የተኛው ውሃ በኔ ብረት ፊት አያልፍም። ስለዚህ ወንዙ በጣም በሞላ ቀን የኔ ቁጥር ከእውነተኛው ያንሳል።

መምህር ዘደጀን · ማክሰኞ ጠዋት

አባት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን የትኛውም ካርታ ላይ አላገኘውም ነበር። ከፈቀዱልኝ ጽሑፍዎን እንዳለ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ።

ወረታ ነኝ · ማክሰኞ ቀን

ምን ገዶኝ፣ አንብብላቸው። ግን ልጆችህን ክረምት ላይ ወንዝ ዳር እንዳትወስዳቸው። አፈሩ ከሥር ተቦርቡሮ ከላይ ደህና ይመስላል።

ድሬ ልጅ · ማክሰኞ ቀን

እኔም ልግባበት። ከላይ ያላችሁት ሁሉ ስለ ትልልቅ ወንዝ ነው። የኛን የድሬዳዋውን ደቻቱን ካርታው ላይ ፈልጉት እስኪ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ ከደቡብ ካለው ተራራ ወርዶ ከ200 ሰው በላይ ገደለ። የዚያን ሌሊት ድሬ ውስጥ ያልዘነበበት ሰፈር ሁሉ ነበር። ግሎፋስ ይህን ያሳያል?

የውሃ ነገር · ማክሰኞ ማታ

ነፍሳቸውን ይማር። መልሱ አጭር ነው፦ አያሳይም። ቁጥሩ የቀን አማካይ ነው። የደቻቱ ጎርፍ በሰዓታት መጥቶ በሰዓታት ያልቃል፤ በ24 ሰዓት ሲካፈል ተራ ቀን ይመስላል። ተፋሰሱም ትንሽ ነው፤ ጥቂት ማዕዘን ውስጥ ያልቃል። ተራራው ላይ የወረደውን ዶፍ የዓለም የአየር ሞዴል በትክክል ላይዘው ይችላል።

መምህር፣ ይህን ለልጆቹ በግልጽ ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል። ካርታው ላይ ቀይ ስላልበራ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ማደር ይቻላል ብሎ የሚያስብ ልጅ እንዳይወጣን። አባይን፣ ኦሞን፣ አዋሽን የመሰለ ወንዝ ላይ ሞዴሉ ይረዳል። ደረቅ ሸለቆ ላይ ግን ተራራው ሲጠቁር ማየት ይበልጣል።

ሁሉን አውቃለሁ · ማክሰኞ ማታ

እሺ በዚህኛው ተስማማሁ። ዝም ብዬ ስታዘብ ነበር። አንድ የምወደው ነገር ስላለ እኔም ልስጥ። ሪቨር ራነር የሚባል ካርታ አለ። ቦታ ስትነኩ አንዲት የዝናብ ጠብታ ታወርዳላችሁ፤ ከዚያ ካሜራው ጠብታዋን ተከትሎ ወንዝ ለወንዝ እየበረረ መጨረሻዋ ድረስ ይወስዳችኋል። ፍሰት በቁጥር አይሰጥም፤ መንገዱን ነው የሚያሳየው።

አሁን እንጦጦን ንኩ። ከተራራው ጫፍ በስተደቡብ ብታወርዷት ወደ አዲስ አበባ ትወርዳለች፣ አቃቂን ይዛ አዋሽ ትገባለች፣ አፋርን አቋርጣ አቤ ሐይቅ ላይ ታልቃለች። ባሕር የለ፣ ምን የለ፣ እዚያው ትተናለች። ያንኑ ጫፍ ተሻግራችሁ በሱሉልታ በኩል ብታወርዷት ደግሞ ሙገርን ይዛ አባይ ትገባለች። ካርቱምን፣ ካይሮን አልፋ ሜዲትራኒያን! በመሐላቸው ያለው አንድ ሸንተረር ነው። ቤተሰብ ሰብስቤ አሳይቼ ማንም አላመነኝም ነበር።

12ኛ ክፍል ነኝ · ማክሰኞ ማታ

ሁሉን አውቃለሁ ዛሬ ስምህን አስከበርከው። ጠብታዋ ሱዳን ውስጥ ስትበር ደቂቃዎች ፈጀባት። የወር ፓኬጄን ግማሽ በላችው እንጂ ደስ ብሎኛል።

መምህር ዘደጀን · ረቡዕ ጠዋት

እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው፣ ፓኬጁ። 60 ልጅ ባለበት ክፍል ኔት ቢቋረጥ ትምህርቱ ያልቃል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መንገድ አለ?

ኮደር ማታ ማታ · ረቡዕ ማታ

አለ መምህር። ሃይድሮሪቨርስ የሚባል የዓለም ወንዞች ፋይል አለ፣ ነጻ ነው። እያንዳንዱ የወንዝ ቁራጭ የብዙ ዓመት አማካይ ፍሰቱ ከጎኑ ተጽፎለታል። እሱም በስሌት የተገኘ ነው፤ የውሃ ነገር እንዳትቆጣኝ ቀድሜ ልናገር። ኪውጂስ በሚባለው የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ከፍቼ የአባይን ተፋሰስ ብቻ ቆርጬ አወጣለሁ። የአፍሪካው በሙሉ ለላፕቶፕዎ ይከብዳል። የመስመሩን ውፍረት ከፍሰቱ ጋር አስተሳስረዋለሁ። ከጣና ሲወጣ ቀጠን ያለ ነው፤ በሽሎን፣ ጀማን፣ ሙገርን፣ ጉደርን፣ ዴዴሳን፣ ዳቡስን እየተቀበለ ይወፍራል። ግድግዳዎ ላይ የጎደለው ይህ አይደል?

ከዚያ ኪውጂስ ላይ ወደ ድረ ገጽ የሚቀይር ማሟያ አለ። ፋይሉ በፍላሽ ይሄዳል፣ ብሮውዘር ላይ ይከፈታል፣ ኔት አይፈልግም። ወንዙን ሲነኩት ስሙና ፍሰቱ ብቅ ይላል። ስሙን እኔ በአማርኛ አስገባዋለሁ። ከጀርባ የሚታየው የሳተላይት ምስል ግን ያለ ኔት አይመጣም፤ ነጭ መደብ ላይ ይሆናል። ለግራፎቹ ደግሞ ቤትዎ ሆነው በኤክሴል ያውርዷቸው።

የውሃ ነገር · ረቡዕ ማታ

አልቆጣም፣ ራስህ ተናገርከው። ውፍረቱ ላይ አንድ ልጆቹ የሚገረሙበት ነገር አለ። ብዙ ሰው አባይ ማለት ጣና ነው ብሎ ያስባል። ከጣና የሚወጣው ውሃ ድንበር ላይ ከሚደርሰው ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ቀሪው እናንተ በረሃ ብላችሁ ከምትጠሩት ሸለቆ ግራና ቀኝ የሚገባው ነው። ትልቁን የሚያዋጣው ዴዴሳ ነው።

ከጣና ጋር በተያያዘ ግራፍም ይጠቁሟቸው። ግልገል አባይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይሞላል። ጣና ግን ከፍታው ጫፍ የሚደርሰው መስከረም ላይ ነው፤ ክረምቱ ሲያልቅ። ሐይቁ የገባውን ውሃ ይዞ ያቆየዋል። ሁለቱን ግራፍ አንድ ወረቀት ላይ አስሏቸው፤ ለምን ዘገየ ብለው ራሳቸው ይጠይቃሉ። የጣናን ከፍታ ሳተላይቶች ከሰማይ ይለኩታል፤ የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ዳሂቲ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ካርታ ነክተው ያገኙታል። ይህኛው ከዝናብ የተሰላ አይደለም፣ ከውሃው ላይ ተንጸባርቆ ከተመለሰ የራዳር ሞገድ የመጣ ነው።

ባሕር ዳር ላይ ግን የሚወጣው ውሃ ተፈጥሯዊ ብቻ አይደለም። ውሃው ከሐይቁ የሚወጣበት ጨረጨራ ላይ መቆጣጠሪያ በር አለ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውሃውን በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ያወርደዋል። በለስ ዞሮ ታች አባይን ይቀላቀላል። ጢስ እሳት ፏፏቴ የሳሳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ · ረቡዕ ማታ

የሕዳሴውን ሐይቅ ለማሳየት ደግሞ ጎግል ኧርዝ ላይ ታይምላፕስ የሚባለውን ይጠቀሙ። ከ1984 ጀምሮ ዓመት በዓመት የሳተላይት ምስል ያሳያል። ግድቡ ያለበት ጉባ ላይ አቁመው ጊዜውን ያንሸራቱት። 2020 (በፈረንጅ) ላይ ሲደርስ ሸለቆው ውሃ መያዝ ይጀምራል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ከላይ ካለው 49 ቢሊዮን ጋር አወዳድሯቸው ቢባሉ፣ የወንዙ የአንድ ዓመት ተኩል ውሃ ነው።

መምህር ዘደጀን · ሐሙስ ማታ

እጅ ነስቻለሁ። የያዝኩት ዕቅድ ይህ ነው። መጀመሪያ ፖቶማክ፣ በስክሪንሾት። የተተከለ መለኪያ ምን እንደሚመስል ይዩ። ቀጥሎ የአባት ጽሑፍ ከወረታ። ከዚያ በኋላ ነው የኦፕን ሜቴዮን ግራፍ የምከፍተው፤ የማካፈሉን ሒሳብ ያኔ ይሠሩታል። የኮደርን ካርታ መጨረሻ ላይ።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ልጆቹ ራሳቸው የሚለኩት ነገር ቢኖር ደስ ይለኛል። ትምህርት ቤታችን ጀርባ ትንሽ ጅረት አለች። አሁን ኅዳር ነው፣ ጎድላለች፣ ጉልበት አትደርስም። መሣሪያ ግን የለንም።

የውሃ ነገር · ሐሙስ ማታ

ሜትርና የስልክ ሰዓት ይበቃል። ጅረቷ ቀጥ ብላ የምትሄድበት 10 ሜትር ይምረጡ። ሁለት ጫፍ ላይ ገመድ ይወጥሩ። ስፋቷን ይለኩ። ጥልቀቷን በእንጨት አምስት ስድስት ቦታ ለክተው አማካዩን ይያዙ። ከላይኛው ገመድ ከፍ ብላችሁ ብርቱካን ጣሉ፤ ብርቱካን ጥሩ ነው፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ ነፋስ አይወስደውም። ገመዱን ሲያልፍ ሰዓት ይጀምራል፣ ሁለተኛው ጋ ይቆማል። ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ።

ምሳሌ፦ ስፋት 2 ሜትር፣ ጥልቀት 0.3 ሜትር፣ ብርቱካኑ 10 ሜትሩን በ20 ሰከንድ ሄደ። ፍጥነቱ 0.5 ነው። ከላይ ያለው ውሃ ከሥሩ ስለሚፈጥን በ0.85 ያባዙት፣ 0.425 ይሆናል። ስፋት ሲባዛ በጥልቀት 0.6። ፍሰቱ 0.255፣ በሰከንድ 255 ሊትር ማለት ነው። ከዚያ ይህችን ጅረት ግሎፋስ ላይ ይፈልጓት፤ 5 ኪሎ ሜትር ማዕዘን ውስጥ ጠፍታ ያገኟታል።

12ኛ ክፍል ነኝ · ሐሙስ ማታ

መምህር እኛ ትምህርት ቤትም ይህን አሠሩን በልልኝ። ብርቱካኑ ግን ታች የሚቀበል ልጅ ካልቆመ ሄዶ ይቀራል።

መምህር ዘደጀን · ዓርብ ጠዋት

ታች የሚቆሙ አይጠፉም፣ ብርቱካኑን ለመብላት ሲሉ ይሻማሉ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ እንወርዳለን። ኮደር፣ ፋይሉን እስከ እሑድ ብታደርስልኝ? አዲስ አበባ ያለ ባልደረባዬ ቅዳሜ ወደዚህ ስለሚመጣ በፍላሽ ልትሰጠው ትችላለህ።

ኮደር ማታ ማታ · ዓርብ ማታ

ደርሷል መምህር። 40 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ሁለት ቅጂ አድርጌዋለሁ፤ አንዱ ለላፕቶፕ፣ አንዱ ቀለል ያለ ለስልክ። የዳቡስና የበለስ ስም አጻጻፍ ልክ መሆኑን የውሃ ነገር ብታይልኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው የምሰጠው።

የውሃ ነገር · ዓርብ ማታ

ላከው፣ ዛሬውኑ አየዋለሁ። ዴዴሳን ከሁለት ቦታ ቆርጠህ እንዳይሆን ብቻ ገባሩ አንገርና ዴዴሳ የሚገናኙበትን ደግመህ እየው።